አንድ ትዳር፣ ሁለት ፓስፖርት፦ ለጡረታ አዲስ አበባ የገቡ ጥንዶች ጉዳይ

ይህ ጉዳይ ለምን ይጻፋል

ከአሜሪካ ለጡረታ ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ሰዎችን ሰነድና ሂሳብ በማስተካከል እሠራለሁ። ቢሮዬ ስታዲየም አካባቢ ነው። ብዙዎቹ ገና ሲቀመጡ የሚጠይቁኝ ስለ ገንዘብ ነው። በወር ስንት ይበቃናል? ዶላሩን የት እናስቀምጥ? ቤት እንግዛ ወይስ እንከራይ?

ጥያቄዎቹ ተገቢ ናቸው። ግን ከእነዚህ በፊት መልስ የሚፈልግ ሌላ ጥያቄ አለ። እያንዳንዳቸው እዚህ የሚኖሩት በምን ወረቀት ነው? የልጅ ልጅ ለማየትስ በምን ወረቀት ነው የሚመለሱት? ባልና ሚስት ኪሳቸው አንድ ቢሆንም ወረቀታቸው የተለያየ ሊሆን ይችላል። የገንዘቡ ስሌት ደግሞ የሚወሰነው በዚያ ወረቀት ነው።

ከዚህ በታች ያለው ጉዳይ ይህን በደንብ ያሳያል። ጥንዶቹ «ለሌላው ይጥቀም» ብለው እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ስማቸውን አልጠቅስም። ባልየውን ጋሼ፣ ባለቤታቸውን እትዬ እላለሁ። ቢሮም የምጠራቸው እንዲሁ ነው።

ሰዎቹ

ጋሼ ሲመጡ 67 ዓመታቸው ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ሜሪላንድ ኖረዋል። ሆስፒታል ውስጥ ሠርተው ጡረታ ወጡ። የአሜሪካ ዜግነት ከያዙ ቆይተዋል።

እትዬ 63 ነበሩ። ወደ አሜሪካ የሄዱት ዘግይተው ነው። ግሪን ካርድ ይዘው 18 ዓመት ኖረዋል። ልጆች፣ ኋላም የልጅ ልጆች ሲያሳድጉ ስለቆዩ በራሳቸው ስም ተቀጥረው የሠሩት ትንሽ ነው። በራሳቸው ሥራ ጡረታ ለማግኘት የሚያስፈልገውን 40 ክሬዲት፣ ማለትም የ10 ዓመት ያህል ሥራ፣ አልሞሉም። የሚጠብቁት በባለቤታቸው ስም የሚከፈለውን ነው።

እትዬ የአሜሪካ ዜግነት ያልወሰዱበት ሁለት ምክንያት ነበራቸው። አንዱ የእንግሊዝኛው ፈተና ነው፤ ፈሩት። ሌላው ፒያሳ፣ ራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ ያለው የአባታቸው ቤት ነው። ለአራት ልጆች የወረደ፣ ያልተከፋፈለ ውርስ ነው። «ፓስፖርቴን ከመለስኩ ድርሻዬ ይቀራል» ብለው ሰጉ። ይህ የብዙ ሰው ስጋት ነው፤ መሠረትም አለው። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት የያዘ ሰው የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ጥምር ዜግነት ሕጋችን አይፈቅድም።

ሲመጡ የነበራቸው ዕቅድ

ዕቅዱ በወረቀት ላይ ጥሩ ይመስላል። ጋሼ በቱሪስት ቪዛ ይገቡና ከዚያ በኋላ በቢጫ ካርዳቸው፣ ማለትም በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያቸው፣ ይኖራሉ። እትዬ በኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው ይገባሉ፤ አገራቸው ነው። ግሪን ካርዱ እንዳይቃጠል በዓመት አንድ ጊዜ አሜሪካ ደርሰው ይመለሳሉ። የጋሼ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ጡረታ፣ በወር 1,900 ዶላር ነው። ከፎር ኦ ዋን ኬ፣ ማለትም በአሠሪያቸው በኩል ካጠራቀሙት የጡረታ ቁጠባ፣ ጥቂት ይጨምሩበታል። የሜሪላንዱ ቤት ይከራያል።

አፓርታማ ለመግዣ ብለው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. 40,000 ዶላር ቀድመው ላኩ። ባንክ በ56 ብር ገደማ መነዘረው። ራሳቸው በታኅሣሥ መጡ። መጀመሪያ ዘመድ ቤት አረፉ።

ሁለት የጊዜ ገደብ

ወደ እኔ የመጡት በሚያዝያ 2016 ነው። ያመጣቸው የጋሼ ቪዛ ነበር። 90 ቀኑ አልፎ ነበር። ቢጫ ካርዱ የዕድሜ ልክ መስሏቸዋል። ካርዱ ግን የሚያገለግለው 5 ዓመት ነው፤ ከዚያ መታደስ አለበት። የሳቸው ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ስለዚህ በሕግ ፊት ጋሼ ቪዛው ያለቀበት የውጭ ዜጋ ነበሩ። ላለፈው ለያንዳንዱ ቀን ደግሞ ቅጣት ይቆጠራል።

ይህ ገንዘብ ያስወጣል እንጂ የሚፈታ ነው። እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ የእትዬ ጉዳይ ነበር። እሳቸው «የኔስ ችግር የለውም፣ የሱን ጨርስልን» ነው ያሉኝ። ከአሜሪካ ከወጡ ግን አራት ወር አልፏቸዋል።

እዚህ ላይ በከተማችን በስፋት የሚወራ ስህተት አለ። «በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ አሜሪካን ረግጦ መመለስ ግሪን ካርድን ያድናል» ይባላል። እንዲህ አይደለም። ግሪን ካርድ አሜሪካ ለሚኖር ሰው የተሰጠ ነው። ከ1 ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው፣ ቀድሞ ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት (የመመለሻ ፈቃድ) ካላወጣ፣ ካርዱ ለመግቢያ አያገለግለውም። ዓመት ያልሞላውም ቢሆን ኤርፖርት ላይ መኖሪያህ የት ነው ተብሎ ሊጠየቅ ይችላል። ቤቱ፣ ትዳሩ፣ ኑሮው አዲስ አበባ ከሆነ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት ደርሶ መመለስ ነዋሪ አያሰኘውም። ከ6 ወር በላይ የቆየ ሰው ደግሞ ለዜግነት ሲያመለክት ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ይገመታል። አልተቋረጠም ብሎ ማስረዳት የሱ ሸክም ይሆናል።

ስለዚህ ጋሼን የሚጠብቃቸው ገደብ እዚህ ነበር፤ እትዬን የሚጠብቃቸው እዚያ። የጋሼ አልፏል። የእትዬ ሊያልፍ ሁለት ወር አልቀረውም።

እትዬ የነበሯቸው ሦስት መንገዶች

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ወሰድን። ልጆቻቸውም በቪዲዮ ገቡበት።

የመጀመሪያው መንገድ ግሪን ካርዱን ይዞ ሪ-ኢንትሪ ፐርሚት ማውጣት ነው። ፐርሚቱ እስከ 2 ዓመት ያገለግላል። ማመልከቻው ግን የሚገባው አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ ሆኖ ነው፤ አሻራም እዚያው ይሰጣል። ከአዲስ አበባ ሆኖ ማመልከት አይቻልም። ደግሞም ጊዜ ያራዝማል እንጂ ጉዳዩን አይቋጭም። ባለፉት 5 ዓመታት ከ4 ዓመት በላይ ውጭ ለቆየ ሰው ቀጣዩ ፐርሚት አብዛኛውን ጊዜ ለ1 ዓመት ብቻ ነው የሚሰጠው። ለጥቂት ዓመት ሥራ ለሚመጣ ሰው ጥሩ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ ለሚቀመጥ ሰው ግን አይሆንም።

ሁለተኛው መንገድ ግሪን ካርዱን በፈቃድ መመለስ ነው። እትዬ ያዘነበሉት ወደዚህ ነበር። ፓስፖርታቸውም፣ የአባታቸው ቤትም ይተርፋል። ልጆቻቸውን ለማየት ቪዛ ይጠይቃሉ። ቁጥሩን ስናሰላው ግን መልኩ ተቀየረ።

ስለ ሶሻል ሴኩሪቲ የሚወራውን አስቀድመን አጣራን። «ዜጋ ያልሆነ ሰው ከአሜሪካ ከወጣ ከስድስት ወር በኋላ ክፍያው ይቆማል» የሚባለው ደንብ አለ። ግን ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ኢትዮጵያን ጨምሮ ለበርካታ አገር ዜጎች፣ ክፍያው የተመሠረተበት ሠራተኛ 40 ክሬዲት ካለው ወይም 10 ዓመት አሜሪካ ከኖረ ክፍያው ይቀጥላል። በባል ወይም በሚስት ስም የሚከፈለው ሰው ደግሞ በዚያ ትዳር ውስጥ ሆኖ ቢያንስ 5 ዓመት አሜሪካ የኖረ መሆን አለበት። እትዬ ሁለቱንም ያሟላሉ። ጥንዶቹ ለዓመታት የፈሩት ነገር የነሱ ችግር አልነበረም።

ችግሩ ግብሩ ላይ ነው። ግሪን ካርዱን የመለሰና ውጭ የሚኖር የኢትዮጵያ ዜጋ ለአሜሪካ ግብር «ነዋሪ ያልሆነ የውጭ ዜጋ» ነው። ከሶሻል ሴኩሪቲው 85 በመቶው ላይ 30 በመቶ ግብር ይቆረጣል። ከጠቅላላው ሲሰላ 25.5 በመቶ ነው። ይህን የሚያስቀር የግብር ስምምነት በሁለቱ አገሮች መካከል የለም። እትዬ 67 ሲሞላቸው የሚያገኙት የጋሼን ግማሽ፣ 950 ዶላር ያህል ነው። ከሱ 242 ዶላር ይቆረጣል ማለት ነው። ጋሼ ቢቀድሟቸው ደግሞ እስከ 1,900 ዶላር ወደሳቸው ይዞራል፤ ያን ጊዜ በየወሩ 484 ዶላር ይቀነስበታል። ባል የሞተባት እናት ላይ ይህ ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ ካለፉት 15 ዓመታት በ8ቱ ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ሲመልስ ቅጽ 8854 የሚባል የግብር መዝጊያ ሰነድ መሙላት አለበት።

ቪዛውም ዋስትና የለውም። ልጆቹ ሁሉ አሜሪካ ያሉ አረጋዊ ወላጅ ለጉብኝት ቪዛ ሲጠይቁ «ትቀራለህ» ተብለው መከልከላቸው የተለመደ ነው። ይህን ያልኩት በ2016 ነው። በሐምሌ 2017 ደግሞ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠውን የጉብኝት ቪዛ ወደ 3 ወርና ለአንድ ጊዜ መግቢያ ቀነሰችው። እትዬ ሁለተኛውን መንገድ ይዘው ቢሆን ኖሮ የልጅ ልጅ ምርቃት በሄዱ ቁጥር አዲስ ቪዛ መለመን ነበረባቸው።

ሦስተኛው መንገድ የአሜሪካ ዜግነት ወስዶ፣ በቢጫ ካርድ አዲስ አበባ መኖር ነው። የሚያስከፍለው ነገር ከባድ ነው፤ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይመለሳል። እትዬ ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ይህን ውሳኔ በገንዘብ ስሌት ብቻ የሚያይ አማካሪ ሰውን አያውቅም ብዬ አምናለሁ። ስለዚህ አልቸኮልንም። እኔ ያደረግሁት አዋጅ ቁጥር 270/1994ን ይዤ ምን እንደሚቀርና ምን እንደሚተርፍ አንድ በአንድ ማንበብ ነበር። ቢጫ ካርድ ያለው ሰው መግቢያ ቪዛና የመኖሪያ ፈቃድ አያስፈልገውም። የሥራ ፈቃድም አይጠየቅም። በንብረት ባለቤትነት እንደ ዜጋ ይታያል። መምረጥና መመረጥ አይችልም፤ በመከላከያ፣ በደኅንነት፣ በውጭ ጉዳይና በመሳሰሉት መሥሪያ ቤቶች መቀጠር አይችልም። እትዬ ዝርዝሩን ሰምተው «ቤቱ ካልቀረ እስማማለሁ» አሉ።

የእንግሊዝኛውም ፍርሃት መልስ ነበረው። ዕድሜው ከ55 በላይ የሆነና ግሪን ካርድ ይዞ 15 ዓመት የኖረ ሰው ከእንግሊዝኛ ፈተና ነፃ ነው። የታሪክና የመንግሥት አወቃቀር ጥያቄውን በራሱ ቋንቋ፣ በአስተርጓሚ ይፈተናል። እትዬ ይህ መብት ከነበራቸው ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። የነገራቸው ሰው አልነበረም።

የተወሰዱት እርምጃዎች

በመጀመሪያ የጋሼን ቅጣት ከፍለን ጥቁር አንበሳ አካባቢ ባለው ኢሚግሬሽን ቢጫ ካርዱን አሳደስን። የድሮው ካርድ በእጃቸው ስለነበር ትውልድን ከዜሮ ማስረዳት አላስፈለገም።

ቀጥሎ ውርሱ ነበር። እትዬ ገና የኢትዮጵያ ዜጋ ሆነው፣ በአካልም እዚህ እያሉ ማለቅ ያለበትን ሁሉ ለማስጨረስ ተሯሯጥን። ወንድምና እህቶቻቸው ተባበሩ። የወራሽነት ማረጋገጫው ከፍርድ ቤት ወጣ። የድርሻ ስምምነቱ በጽሑፍ ሆነ። ፒያሳ በዚያ ሰሞን በልማት እየፈረሰ ነበርና ሰነድ የሌለው ባለ ድርሻ የሚሰማው ጭንቀት ለሁላቸውም ግልጽ ሆኖላቸዋል። እትዬ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄደው ለእህታቸው ውክልና ሰጡ። ውክልናው ጠባብ ነው፤ መከታተልና መፈረም ይፈቅዳል፣ መሸጥ አይፈቅድም። አሜሪካ ከገቡ በኋላ ቢሆን ኖሮ ውክልናው ኤምባሲ፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ እንደገና ሰነዶች ማረጋገጫ መዞር ነበረበት።

በግንቦት 2016፣ ስድስት ወሩ ሳይሞላ፣ እትዬ ወደ ሜሪላንድ ተመለሱ። በሰኔ ልጃቸው የዜግነት ማመልከቻውን በኦንላይን አስገባችላቸው። ክፍያው 710 ዶላር ነበር። ያኔ ለፈተናው የሚጠኑትን መቶ ጥያቄዎች በአማርኛ አጠኑ። በፈተናው በዚያን ጊዜ ከ10 ጥያቄ 6 መመለስ ይበቃ ነበር። ክረምቱንና መኸሩን እዚያው ቆዩ። በጥር 2017 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

እዚህ ላይ አንድ ትንሽ የሚመስል ነገር ልጥቀስ። ዜግነት ሲወሰድ ስም መቀየር ይፈቀዳል። ልጆቹ «እማዬ፣ የአባዬን ስም ያዢ፣ ለሁሉም ይቀላል» ብለው ነበር። እንዳይቀይሩ አጥብቄ ለመንኩ። እዚህ ያለው የውርስ ሰነድ ሁሉ በአባታቸውና በአያታቸው ስም የተያያዘ ነው። በአዲሱ ፓስፖርት ላይ የባል ስም ቢመጣ፣ የፒያሳዋ ወራሽና ይቺ አሜሪካዊት አንድ ሰው መሆናቸውን ማስረዳት ራሱን የቻለ ክስ ይሆን ነበር። የጋሼ ፓስፖርት ላይ የአያት ስም ባለመኖሩ ብቻ ባንክ ቤት ስንት ጊዜ እንደተጉላላን አውቃለሁ።

እትዬ በመጋቢት 2017 ተመለሱ። የተመለሰው የኢትዮጵያ ፓስፖርታቸው ቅጂ ትውልዳቸውን አስረዳላቸው። ቢጫ ካርዳቸው ወጣ።

ገንዘቡ

ወረቀቱ በመስመር ላይ እያለ ገንዘቡ ላይ ትልቅ ነገር ተከሰተ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሬው በገበያ እንዲወሰን አደረገ። ከዚያ በፊት 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በዓመቱ ከ130 ብር በላይ ሆነ።

ይህ ለጥንዶቹ ሁለት ፊት ነበረው። የጋሼ 1,900 ዶላር በፊት 108 ሺህ ብር ያህል ነበር፤ በ130 ሲሰላ 247 ሺህ ገደማ ሆነ። ዋጋውም አብሮ ስለጨመረ ኑሯቸው እጥፍ አልሆነም። ግን ተነፈሱ። በሌላ በኩል ቀድመው የላኩት 40,000 ዶላር በባንክ 2.24 ሚሊዮን ብር ሆኖ ተቀምጦ ነበር። በ130 ሲሰላ 17,200 ዶላር ያህል ነው። ከግማሽ በላዩ ሄደ። የባንኩ 7 በመቶ ወለድ ይህን አይሞላውም። አንዴ ብር የሆነውን መልሶ ዶላር ማድረግም አይቻልም ነበር። ጋሼ ያንን ገንዘብ ለማጠራቀም ስንት ሌሊት ሆስፒታል እንዳደሩ ስለማውቅ፣ ቁጥሩን ቁጭ ብለን ስናሰላ አንጀቴን በላው።

ከዚያ በኋላ የያዝነው አሠራር ቀላል ነው። ሶሻል ሴኩሪቲው አሜሪካ ባለው ባንካቸው ይገባል። በየወሩ የሚበሉትንና የሚከራዩበትን ብቻ በሕጋዊ ባንክ ያመጣሉ። ለድንገተኛ የሚሆን መጠባበቂያ እዚህ ባንክ በዶላር አካውንት ተቀምጧል። ወደ ብር የሚቀየረው የሚወጣበት ቀን ሲታወቅ ብቻ ነው። ጥቁር ገበያን አልነካንም። ሕገ ወጥ ከመሆኑ ሌላ፣ ነገ ቤት ሲገዙ «ገንዘቡ ከየት መጣ» ሲባል የባንክ ደረሰኝ የሌለው ሰው መልስ የለውም።

ሌላው ግብር ነው። የአሜሪካ ዜጋ የትም ይኑር የት በየዓመቱ ለአሜሪካ ግብር ያሳውቃል። ከአሜሪካ ውጭ ያሉ አካውንቶቹ በዓመቱ ውስጥ በአንድም ቀን ተደምረው ከ10,000 ዶላር ካለፉ ኤፍባር የሚባል ማሳወቂያ ያስገባል። ግብር አይከፈልበትም፤ ያላሳወቀ ግን ከባድ ቅጣት አለበት። የጋሼ 2.24 ሚሊዮን ብር ገደቡን በአራት እጥፍ አልፎታል። የብሩ ወለድም ገቢ ነው። ሜሪላንድ ያለ የግብር ባለሙያ የቀረውን አስገባላቸው፣ የዓመቱንም ግብር አስተካከለ። በራሳቸው ቀድመው መቅረባቸው ረዳቸው። እዚህም በዓመት ከ183 ቀን በላይ የሚኖር ሰው ለኢትዮጵያ ግብር ነዋሪ ይባላል። የፒያሳው ቤት ኪራይ ማምጣት ሲጀምር ግብሩ እዚህ ይከፈላል፤ የተከፈለውም በአሜሪካው ላይ እንዲታሰብ ይጠየቃል።

የሜሪላንዱን ቤት ሸጡት። ምክንያቱ የቀን ስሌት ነው። ባለፉት 5 ዓመታት ቢያንስ 2 ዓመት የኖሩበትን ቤት የሸጡ ባልና ሚስት እስከ 500,000 ዶላር ትርፍ ከግብር ነፃ ነው። ቤቱን አከራይተው ከ3 ዓመት በላይ ከቆዩ ይህ መብት ያልፋቸዋል። የሽያጩ ገንዘብ እዚያው በዶላር ተቀምጧል።

የሚኖሩት በኪራይ ነው፣ አምባሳደር አካባቢ። አከራዩ በዶላር ካልሆነ ብሎ ነበር። በብር ተዋዋሉ። በኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት ውሉ ቢያንስ 2 ዓመት ነው፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር አይበልጥም። ወረዳ ተመዘገበ። ምንዛሬው ሲወጣ ኪራያቸው ባለበት ቆየ።

ሕክምና

ጋሼ ሜዲኬር ፓርት ቢን፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን ከሚሰጠው የጤና መድን በወር የሚከፈልበትን ክፍል፣ ማቋረጥ ፈልገው ነበር። ሐሳባቸው ይገባኛል። ሜዲኬር፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ ከአሜሪካ ውጭ ለተደረገ ሕክምና አይከፍልም። በ2025 እ.ኤ.አ. ክፍያው በወር 185 ዶላር ነበር፤ በዓመት 2,220። እዚህ ለማይሠራ ነገር ብዙ ነው።

ነገር ግን ጋሼ ልባቸውን ይታከማሉ። ትልቅ ነገር ቢመጣ መሄጃቸው ልጆቻቸው ጋ ነው። አቋርጦ የተመለሰ ሰው ለተቋረጠው ለያንዳንዱ 12 ወር 10 በመቶ ጭማሪ ይከፍላል፤ ጭማሪው ዕድሜ ልክ ነው። ደግሞም እንደገና መመዝገቢያው በዓመት አንዴ፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ብቻ ነው። በሽታ ደግሞ ጃንዋሪን አይጠብቅም። ፓርት ቢውን አቆዩት። ይህ ለሁሉም የሚሆን መልስ አይደለም። ልጅ አሜሪካ የሌለው፣ ጤናው የተረጋጋ ሰው ሌላ ሊወስን ይችላል። ለአዲስ አበባው ሕክምና ለብቻው ገንዘብ ለይተናል፤ የግል ሆስፒታል ከመተኛት በፊት ተቀማጭ ይጠይቃልና።

ያልተሳኩ ነገሮች

መኪናው አልመጣም። ጋሼ የሚነዷት ቶዮታ በቤንዚን የምትሠራ ናት፤ ከ2016 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ተከልክሏል።

የጡረታ ቁጠባቸውን የያዘው ድርጅት አድራሻቸው ወደ አዲስ አበባ መቀየሩን ሲያይ አካውንቱን ገደበው። መሸጥ ይችላሉ፣ መግዛት አይችሉም። ብዙ ድርጅቶች ውጭ ለሚኖር ደንበኛ ይህን ያደርጋሉ። ቀድመው ጠይቀው ቢሆን ውጭ የሚኖርን ደንበኛ ወደሚቀበል ማዛወር ይቻል ነበር። እስካሁን አላለቀም።

ስልኩ ደግሞ እንዲህ ነው። የአሜሪካ ቁጥራቸውን ሲመጡ ዘጉት። የባንክና የሶሻል ሴኩሪቲ የማረጋገጫ ኮድ የሚላከው በዚያ ቁጥር ነበር። ከገዛ ገንዘባቸው ውጭ ሳምንታት ቆዩ። እትዬ ሜሪላንድ በነበሩበት ጊዜ ቁጥሩ በርካሽ ጥቅል ተመልሶ ተከፈተ።

ለሌላው የሚሆነው

ከሁሉ በላይ የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። ቲኬት ከመቁረጥ በፊት የባልና የሚስትን ወረቀት ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። እትዬ ከመምጣታቸው በፊት ዜግነታቸውን ጨርሰው ቢሆን ኖሮ ጥንዶቹ ዓመት ሊሞላው ለተቃረበ ጊዜ ተለያይተው አይኖሩም ነበር። የጡረታቸው የመጀመሪያ ዓመት በስልክ አለቀ። ይህን በዶላር መተመን አይቻልም።

ዜግነት የመለወጥ ውሳኔ ለሁሉም አንድ አይደለም። በራሱ ሥራ ጡረታ ያለው፣ ልጆቹ እዚህ ያሉ ሰው ግሪን ካርዱን መልሶ ፓስፖርቱን ቢይዝ ትክክል ሊሆን ይችላል። 25.5 በመቶውን፣ ቪዛውንና ውርሱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማየት ነው። አንዱን ብቻ ያየ ይሳሳታል።

ገንዘብን በተመለከተ፣ ገቢው በዶላር የሆነ ጡረተኛ ለወደፊት የሚሆነውን በብር ማከማቸት የለበትም። ውል የሚገባው ግን በብር ይሁን።

ወሬን በደንቡ ማጣራት አይታክታችሁ። የእትዬ ሁለት ትላልቅ ፍርሃቶች፣ የእንግሊዝኛው ፈተናና የሶሻል ሴኩሪቲው መቆም፣ ሁለቱም እሳቸውን የማይመለከቱ ነበሩ። የሚመለከታቸውን፣ የግሪን ካርዱን ገደብ፣ ማንም አላነሳላቸውም።

አሁን የቀረው ሥራ

እትዬ በ2018 65 ዓመት ይሞላቸዋል። የሜዲኬር መመዝገቢያቸው የልደታቸውን ወር ጨምሮ 7 ወር ነው፤ ከዚያ ካለፈ ቅጣቱ ይጀምራል። በጋሼ ስም የሚከፈላቸውን ሶሻል ሴኩሪቲ እስከ 67 ድረስ እንዳይነኩ ተስማምተናል። በ63 ቢጀምሩ ኖሮ ከ950 ይልቅ 665 ዶላር ያህል ነበር የሚያገኙት፤ ያም ለሁልጊዜው።

ዋናው ፖስታ ቤት ሳጥን ተከራይተዋል። ሶሻል ሴኩሪቲ ውጭ ለሚኖሩ ተከፋዮች በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ቅጽ ይልካል። በሕይወት መኖርን፣ አድራሻን፣ የትዳር ሁኔታን ይጠይቃል። ካልተመለሰ ክፍያው ይታገዳል። ሳጥኑን በየሳምንቱ የምታየው የእህታቸው ልጅ ናት።

የሚቀረው ኑዛዜው ነው። የአሜሪካው በጠበቃ ተጽፏል። እዚህ ላለው ንብረት ደግሞ ለየብቻ፣ በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ የሚፈረም ኑዛዜ እያዘጋጀን ነው። ጋሼ የሳቸውን ጨርሰዋል። እትዬ የፒያሳውን ድርሻ ለማን እንደሚተዉ ከልጆቻቸው ጋር እየተነጋገሩ ነው። የትኛውም ልጅ ግን እስካሁን ቢጫ ካርድ አላወጣም፤ አሁን በዋሽንግተኑ ኤምባሲ እያስጀመርንላቸው ነው።